በቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ለስሪያ የቀረቡ ድንጉሎች፦ ዋጋውን ያወጣው የትኛው ነበር?

ከአሜሪካ ነጻነት በፊት በነበሩት አርባ አምስት ዓመታት ገደማ፣ ከእንግሊዝ በመርከብ የመጡ፣ ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ዝርያ ድንጉሎች በቨርጂኒያና በጎረቤቷ ሜሪላንድ ባዝራ ላለው ሰው ሁሉ በክፍያ ለስሪያ ይቀርቡ ነበር። አገልግሎቱ ማስታወቂያ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የአጠቃቀም ደንብና ኃላፊነትን የሚያወርድ ማሳሰቢያ ሁሉ ነበረው፤ ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት የሚያነበው ገለልተኛ ግምገማ ግን አልነበረውም። ይህን ጉድለት ዘግይቶም ቢሆን ለመሙላት ስነሣ የያዝኩት መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ ድንጉላ የሚመዘነው በቁመናው፣ በአባቱ ስም ወይም በላከው መስፍን ክብር ሳይሆን በተወው ዘር ነው። በዚህ መለኪያ ሲታዩ በጊዜው ብዙ የተወራላቸው አንዳንዶቹ ዝቅ ይላሉ፤ በቁመቱ ከሁሉ የሚያንሰው ደግሞ ከብዙዎቹ በላይ ይቆማል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የብርዱ ወራት ሊያበቃ ሲል የድንጉላው ባለቤት፣ በዊሊያምስበርግ ከ1736 ጀምሮ ይታተም በነበረው «ቨርጂኒያ ጋዜት» ላይ ማስታወቂያ ያወጣል። በውስጡም የፈረሱ ስም፣ መልክና ቁመት፣ አባቱና የእናቱ አባት፣ በእንግሊዝ ያሸነፋቸው እሽቅድምድሞች፣ የሚቆምበት እርሻና ክፍያው ይገለጻሉ። ደንበኛው ለአንድ ስሪያ ብቻ፣ ለወቅቱ በሙሉ፣ ወይም ባዝራይቱ ውርንጭላ እንድትይዝ በዋስትና ሊዋዋል ይችላል። የአንድ ጊዜው ርካሽ፣ የዋስትናው ውድ፣ የወቅቱ በመካከል ነበር። እንደ እኔ ግምት የመጀመሪያውን ውል ጠንቃቃ ሰው ሊነካው አይገባም ነበር፤ ባዝራ በስሪያው ወራት የድራት ምልክት የምታሳየው በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ከሩቅ አውራጃ ተነድታ የመጣች ባዝራ በደረሰችበት ዕለት ቀርባ የመያዝ ዕድሏ ጠባብ ነው። የወቅቱ ክፍያ ግን በድንጉላው ባለቤት መስክ ላይ እንድትሰነብትና ካልያዘች ደግማ እንድትቀርብ ያስችላታል። የዋስትናው ውል ዋጋው ቢከብድም፣ ድንጉላው ሲያረጅ ብቸኛው የሚያዋጣ ውል እሱ ነው።

የአገልግሎቱ ደካማ ጎን ግጦሹ ላይ ነበር። መስኩ በአንዳንዱ ዘንድ በነጻ፣ በሌላው ዘንድ በክፍያ ይሰጥ ነበር፤ በሁለቱም ዘንድ ግን ባዝራይቱ ብትጠፋ ወይም ብትጎዳ ባለመስኩ እንደማይጠየቅ በማስታወቂያው ግርጌ ይጻፋል። አጥሩን የሚያጥረው እሱ፣ መውጫውን የሚዘጋው እሱ፣ ባዝራይቱን ከሌሎቹ ጋር የሚቀላቅላት እሱ ሆኖ ሳለ፣ ጥፋቱን ሁሉ በደንበኛው ላይ መጣሉ በምንም ሚዛን ተገቢ አይደለም። ክፍያውን በተመለከተ ግን ባለድንጉሎቹ ለስላሳ ነበሩ ማለት ይቻላል። በቅኝ ግዛቱ ጥሬ ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ስለነበር ሒሳቡ በፓውንድ ይጻፍ እንጂ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በትምባሆ ወይም በዱቤ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ዕዳ ያለባቸው ሁሉ ቀርበው እንዲከፍሉ መወትወት የዚህ ንግድ የማይቀር አካል ሆኖ ኖሯል።

ስለ አገልግሎቱ ሠራተኞች ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ድንጉላውን በልጓም ይዞ የሚያቀርበው፣ የባዝራይቱን ድራት አይቶ የሚለየው፣ ስትራገጥ የሚያረጋጋት፣ የታመመውን ፈረስ ሌሊት ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው በአብዛኛው በባርነት የተያዘ ጥቁር ነበር። የዚህ ንግድ ዕውቀት በብዛት የሚገኘው በማስታወቂያው ላይ ስማቸው በታተመው ባላባቶች ዘንድ ሳይሆን በእነዚህ ባልደራሶች እጅ ነበር። ያው ጋዜጣ የድንጉላውን አባት፣ አያትና ቅድመ አያት በዝርዝር ሲያትም፣ ከጌታው ስላመለጠ ሰው የሚወጣው ማስታወቂያ ደግሞ አንድ ነጠላ ስም፣ የገላ ጠባሳና የለበሰው ልብስ ብቻ ይዞ ይወጣል። አገልግሎቱ በሙያ ረገድ የሚገባው ምስጋና ሁሉ ስማቸው ላልተጻፈው ለእነዚህ ሰዎች መሆኑን መመዝገብ የገምጋሚው ግዴታ ይመስለኛል።

ደንበኛው የሚገዛው ነገር በመሠረቱ የዘር ሐረግ ነበር፤ የዘር ሐረጉ እውነተኛነት ደግሞ የሚያጠያይቅ ነው። በእንግሊዝ የቶሮብሬድ አጠቃላይ የዘር መዝገብ መታተም የጀመረው በ1791 ሲሆን፣ አሜሪካ የራሷን ያገኘችው ከዚያም አንድ ትውልድ ሳይሆን ብዙ አሥርት ዓመታት ዘግይታ ነው። ስለዚህ በ1750ዎቹና በ60ዎቹ አንድ ድንጉላ ከቶሮብሬድ ሦስት አባቶች አንዱ የሆነው የጎዶልፊን አረቢያን የልጅ ልጅ ነው ሲባል፣ ማስረጃው ከእንግሊዝ አርቢው ተፈርሞ መጣ የተባለ ወረቀትና የባለቤቱ ቃል ብቻ ነበር። በዚህ ላይ ስሞቹ ይመሳሰላሉ፤ ትራቨለር የሚባሉ ድንጉሎች ብዙ ነበሩና ለመለየት የሞርተን ትራቨለር፣ የበርዌል ትራቨለር፣ የሎይድ ትራቨለር እያሉ በባለቤቱ ስም መጥራት ግድ ሆነ። እኛ ዘንድ ጌታው በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ይባል ነበር፤ እዚያ ፈረሱ በጌታው ስም ተጠራ። ለዝና የቱ እንደሚሻል አላውቅም፤ ገንዘቡን ለሚከፍል ሰው ግን የቨርጂኒያው ልማድ ቢያንስ ማንን እንደሚከስ ያሳየዋል።

ሌላው ችግር ጊዜ ነው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ገደማ ታረግዛለች፤ ውርንጭላው ደግሞ በዚያን ዘመን ልማድ ለረጅም እሽቅድምድም የሚደርሰው አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የከፈለ ሰው የገዛው ነገር ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚያውቀው ቢፈጥን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድንጉላው ሊሞት፣ ሊሸጥ ወይም ወደ ሌላ አውራጃ ሊዛወር ይችላል። ከዚህም ሌላ የውርንጭላው ግማሽ ደም የእናቱ ነው፤ የቨርጂኒያ ገበሬ ባዝራ ደግሞ ከድሮ የእንግሊዝና የአየርላንድ ፈረሶች፣ አንዳንዴም ስፔናውያን ወደ ደቡብ ካመጧቸው ዝርያዎች የተቀላቀለች፣ ቁመቷ አጭር የሆነች ጠንካራ እንስሳ ነበረች። ከእሷ የሚወለደው የመጀመሪያው ውርንጭላ ግማሽ ቶሮብሬድ፣ ሴቷ እንደገና ከሌላ ድንጉላ ስትጠቃ ደግሞ የሚወለደው ሦስት አራተኛ ይሆናል። አንድ ሰው በማስታወቂያው ላይ ያነበበውን ዓይነት ፈረስ ከጋጣው ለማግኘት ሃያ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚነግረው ማስታወቂያ እስካሁን አልገጠመኝም።

ድንጉሎቹን አንድ በአንድ ከማየታችን በፊት ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ መታወቅ አለበት። በቨርጂኒያ ፈረስ ማሽቀዳደም ከመጀመሪያው የባላባቶች መብት ተደርጎ ይታይ ነበር፤ በ1674 በዮርክ አውራጃ አንድ ልብስ ሰፊ ባዝራውን ከሌላ ሰው ፈረስ ጋር ለማወዳደር በመዋዋሉ፣ ይህ የባላባቶች ጨዋታ ነው ተብሎ 100 ፓውንድ ትምባሆ ተቀጥቷል። ውድድሩም በደን መካከል በተመነጠረ ቀጥተኛ መንገድ ላይ፣ ሁለት ፈረሶች ሩብ ማይል ማለትም 400 ሜትር ያህል ሽምጥ የሚጋልቡበት ነበር። በኋላ ግን በሀብት የበረቱት ሰዎች ዓይናቸውን ወደ እንግሊዙ ሥርዓት፣ አራት ማይል ተሩጦ ከዕረፍት በኋላ ወደሚደገምበት እሽቅድምድም አዞሩ። በታኅሣሥ 1752 በግሎስተር የቨርጂኒያው ዊሊያም በርድ ሣልሳዊ በ500 ፒስቶል ለውድድር ሲጋብዝ፣ የሜሪላንዱ ቤንጃሚን ታስከር የጎዶልፊን አረቢያን ልጅ የሆነችውን ሰሊማ የተባለች ባዝራውን አምጥቶ የበርድን ፈረስ ትራያልን አሸነፈበት። ፒስቶል የስፔን የወርቅ ሳንቲም ነው፤ አምስት መቶው በጊዜው የአንድ ትልቅ እርሻ ሀብት ያህል ሊመዝን የሚችል ገንዘብ ነበር። ቨርጂኒያውያኑ ከዚያ ቀን በኋላ ረጅም የሚሮጥ ደም ለማግኘት የበለጠ መትጋታቸው የሚያስገርም አይደለም። እንግዲህ ገበያው ሁለት ነበር፤ የ400 ሜትሩና የአራት ማይሉ፤ ጥሩ ድንጉላ የሚባለውም ከሁለቱ ለአንዱ ጥሩ የሆነ ነው።

በዘር ጸሐፊዎች ዘንድ ወደ አሜሪካ የመጣ የመጀመሪያው ቶሮብሬድ ተብሎ የሚታወቀው ቡል ሮክ ነው። በ1730 ቨርጂኒያ እንደደረሰ ይነገራል፤ አባቱ ዳርሊ አረቢያን ማለትም ቶማስ ዳርሊ በ1704 ከሶርያዋ ሐለብ ወደ እንግሊዝ የላከው፣ ዛሬ ከሦስቱ የቶሮብሬድ አባቶች አንዱ ሆኖ የሚቆጠረው ፈረስ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ስም በወረቀት ላይ ማግኘት አይቻልም። ነገር ግን ቡል ሮክ መርከብ ሲወርድ ዕድሜው ከሃያ ዓልፎ ነበር፤ እንደ እኔ ደንበኛው የሚያገኘው ነገር በዋናው ሀገር የተረፈ ነው። ዘሩ በኋላ በተጻፉት የዘር ሐረጎች ውስጥ በሩቁ ብቅ ይላል እንጂ የቅኝ ግዛቱን ፈረስ ለወጠ የሚያሰኝ ልጅ አልታየለትም።

ለዚህ ግን እርጅናውን ብቻ መውቀስ ስሕተት ይሆናል። ነጻነት ከተገኘ በኋላ በ1798፣ በ1780 ኤፕሶም ደርቢ የሚባለውን የእንግሊዝ ታላቅ እሽቅድምድም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ያሸነፈው ዳዮሜድ በ21 ዓመቱ፣ በእንግሊዝ ማንም አልፈልገው ብሎ በ50 ጊኒ (የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ) ተሸጦ ወደዚያው ወደ ቨርጂኒያ መጣ፤ በቀሩት አሥር ዓመታትም የአሜሪካን እሽቅድምድም የሚገዛ ዘር ተወ። ዝነኛው ልጁ ሰር አርቺ ከእንግሊዝ ከመጣች እናት የተወለደ ቢሆንም፣ ሌሎቹ ብዙዎቹ ልጆቹ የተገኙት በአገሩ ከተራቡ ባዝራዎች ነው። በ1730 ቡል ሮክ ያላገኘው ይህን ነበር። ዳዮሜድን የጠበቁትን ባዝራዎች ያዘጋጁት ደግሞ አሁን የምናያቸው ድንጉሎች ናቸው፤ ስለዚህ የቡል ሮክን ክፍያ ዋጋ ቢስ ያደረገው የፈረሱ ማርጀት ብቻ ሳይሆን አገሩ ለእሱ አለመዘጋጀቱም ነው።

መንኪ ስለሚባለው ድንጉላ ብዙ የምለው የለኝም፤ የሚከበር እንጂ ከሌሎቹ የማይለይ ድንጉላ ነበር። በ1741 የተወለደው ጆሊ ሮጀር ግን የተሻለ ነው። በእንግሊዝ ሌላ ስም ነበረው፤ በቨርጂኒያ በዚህ የባሕር ወንበዴዎች ባንዲራ ስም ታወቀ፤ ነጋዴ ዕቃውን አዲስ ስም ቢያወጣለት የሚያስቀይም አይደለም። ጥቅሙ የታየው በወንዶቹ ልጆቹ ሳይሆን በሴቶቹ ነው። ዛሬ የቅኝ ግዛቱን ምርጥ ፈረሶች የዘር ሐረግ ስናይ የእናት አባት ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና፣ ባዝራ ማራባት ለሚፈልግና ለመቸኮል ምክንያት ለሌለው ሰው የሚገባ አገልግሎት ነበር ብዬ እመሰክራለሁ።

አሁን ወደ ጄነስ እንምጣ። በ1746 የተወለደ ዳማ ፈረስ ሲሆን አባቱም ጄነስ የሚባል የጎዶልፊን አረቢያን ልጅ ነበር፤ በ1750ዎቹ የግሎስተሩ ሞርዲካይ ቡዝ ወደ ቨርጂኒያ አስመጣው። ቁመቱ 144 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ በዛሬ መለኪያ ከትንንሾቹ የሚመደብ ነው፤ ነገር ግን አጥንቱ ወፍራም፣ ኋላው ጡንቻማ፣ ሰውነቱ የተሰበሰበ ነበር ይሉታል። በእንግሊዝ ራሱ ረጅሙን እሽቅድምድም የሮጠ ሆኖ ሳለ፣ ከቨርጂኒያ ባዝራዎች የወለዳቸው ልጆች በአጭር ርቀት መብረቅ ሆኑ። እዚህ ላይ ነው የአገልግሎቱ እውነተኛ ዋጋ የሚታየው፤ ገበሬው ቤት ያለችውን አጭርና ጠንካራ ባዝራ ሳይንቅ፣ ሃያ ዓመት ሳያስጠብቅ፣ በመጀመሪያው ትውልድ በሰፈሩ መንገድ ላይ ተወዳድሮ የሚያሸንፍ ፈረስ ይሰጠው ነበር።

ጄነስ ከሃያ ዓመት በላይ በደቡብ ቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና እየተዘዋወረ ካገለገለ በኋላ በ1780 ሞተ። ልጆቹ የአባታቸውን መልክና ቅርጽ ይዘው የሚወለዱ በመሆናቸው፣ አርቢዎቹ ሴቶች ልጆቹን ራሱ ድንጉላው ዘንድ፣ ወንዶቹን ደግሞ ከእኅቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር እየመለሱ ያራቡ ነበር፤ ይህ ዛሬ የምንፈራውን ያህል ያን ጊዜ አልተፈራም፣ ዘሩንም ፈጥኖ አጽንቷል። ከወንዶቹ ልጆቹ የሚድ ሴለር የሚባለው ከሁሉ ይልቅ ተመስግኗል። በ1940 የራሱን ማኅበር ያቋቋመው በሩብ ማይል ሩጫ የታወቀው የአሜሪካ ኳርተር ሆርስ ዝርያም የጥንት አባት አድርጎ የሚቆጥረው ይህንኑ አጭር ዳማ ነው። አንድ ነቀፌታ አለኝ፤ ለአራት ማይል ውድድር ፈረስ የሚፈልግ ሰው ጄነስ ዘንድ ቢሄድ ገንዘቡን ያለቦታው አፍስሷል፤ ባለቤቶቹም ይህን ከመናገር ይልቅ በእንግሊዝ የሮጠውን ረጅም ርቀት መተረክ ይቀናቸው ነበር።

ለአራት ማይሉ የሚሆነው ፊርኖት ነበር። በቨርጂኒያ የካሮላይን አውራጃው ጆን ቤይለር፣ እርሻውን በእንግሊዙ የእሽቅድምድም ከተማ ስም ኒውማርኬት ብሎ የሰየመ ሰው፣ በ1764 ያስመጣው ይህ ፈረስ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያረጀ ያልሆነ፣ በሙሉ ጉልበቱ ያለ ድንጉላ ቅኝ ግዛቱ በዚህ ደረጃ ሲያገኝ ብርቅ ነው። አባቱ ሬጉለስ የጎዶልፊን አረቢያን ልጅ፣ እናቱ ሲልቨርቴል ትባላለች። በእንግሊዝ ለንጉሥ ሽልማት የሚደረጉትን፣ ከባድ ሸክም ተሸክመው ረጅም የሚሮጡበትን እሽቅድምድሞች ያሸነፈ ነው። ቁመቱ 160 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከጄነስ ጎን ቢቆም ሁለቱ ከአንድ አያት መምጣታቸውን ለማመን ያስቸግር ነበር።

ፊርኖት ወዲያው ክፍያው ከአካባቢው ሁሉ ከፍ ያለ ሆነ፣ ተገቢም ነበር እላለሁ። ልጆቹ ቁመት፣ ትንፋሽና ጽናት ይዘው መጡ፤ በ1770ዎቹ መጀመሪያ በቨርጂኒያ የረጅም ርቀት ሜዳዎች ላይ የእሱ ልጅ ያልሆነ ፈረስ ማሸነፍ ከባድ ሆነ። የኋላ ጸሐፊዎች «የአሜሪካው ጎዶልፊን አረቢያን» እስከማለት ደርሰዋል፤ እንዲህ ያለ ማዕረግ ሲሰጥ በአብዛኛው ማጋነን ይኖርበታል፣ በዚህኛው ላይ ግን ብዙም የለበትም። ከልጆቹ የሲምስ ዋይልድኤር የሚባለው እናቱ የጆሊ ሮጀር ልጅ፣ ሴት አያቱም ከእንግሊዝ የመጣች ኪቲ ፊሸር የምትባል ባዝራ ነበረች፤ ቀደም ብሎ ለጆሊ ሮጀር የተከፈለው ገንዘብ ትርፉን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። ፊርኖት በ21 ዓመቱ በ1776 ሞተ። የሱን አገልግሎት ለማን እንደማልመክር ግን ልናገር፤ ደም የሌላት ተራ ባዝራ ላለው፣ ለአራት ማይል ውድድር የሚያሠለጥንበት ሠራተኛና መስክ ለሌለው፣ አምስት ዓመት ዕዳ ተሸክሞ መቆየት ለማይችል ሰው፣ ይህ ፈረስ የጎረቤቱን ክብር ከመጋራት በቀር የሚሰጠው ነገር አልነበረም። ብዙዎቹ የትምባሆ ባላባቶች ራሳቸው በእንግሊዝ ነጋዴዎች ዕዳ ተዘፍቀው ድንጉላ ያስመጡ እንደነበር ሲታሰብ ምክሩ ለእነሱም ሳይሠራ አይቀርም።

ከቨርጂኒያ ውጪ ያሉትን በአጭሩ ልጥቀስ። በሜሪላንድ ገዢው ሳሙኤል ኦግል በ1747 ስፓርክ የሚባል ድንጉላ አመጣ፤ ፈረሱን የዌልሱ ልዑል ፍሬድሪክ ለሎርድ ባልቲሞር፣ ሎርዱም ለኦግል የሰጠው ነበር። የስጦታው ታሪክ ከፈረሱ ዘር ይልቅ ይታወሳል፤ በእኔ ሚዛን ይህ ለድንጉላ ጥሩ ምስክር አይደለም። ጥቁሩ ኦቴሎ ከታስከር ባዝራ ከሰሊማ ሰሊምን በመውለዱ ከእሱ ይበልጣል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ አንባቢዎች የኦግል ቤት የነበረውን ቤሌርን በቦዊ ከተማ ሙዚየም ሆኖ ያገኙታል፤ እዚያው ያለው ጋጣ ግን በ1907 የተሠራ ስለሆነ የስፓርክ ቤት ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። በኒውዮርክ ደግሞ ጄምስ ደላንሲ ዋይልድኤር የተባለ ድንጉላ አስመጥቶ ለዓመታት ካሠራው በኋላ፣ ልጆቹ በእንግሊዝ ማሸነፍ ሲጀምሩ እንግሊዞቹ መልሰው ገዙት። ቅኝ ግዛቱ ከተጣለ ፈረስ በቀር አይደርሰውም ለሚሉ ሰዎች ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል። ይህ ዋይልድኤር ከላይ ከጠቀስነው ከሲምስ ዋይልድኤር ሌላ መሆኑንም ደንበኛው ልብ ሊል ይገባ ነበር፤ ስለ ስሞቹ ያነሣሁት ወቀሳ ከንቱ አልነበረም።

በጥቅምት 1774 የመጀመሪያው አህጉራዊ ጉባኤ በፊላዴልፊያ ባጸደቀው ስምምነት፣ ከሌሎች ብክነቶች ጋር ፈረስ ማሽቀዳደምን በስም ጠቅሶ እንዲቀር አሳሰበ። ከዚያ በኋላ ለእሽቅድምድም ብሎ ባዝራ ማስጠቃት ትርጉሙን አጣ፤ ጦርነቱ ሲጀመር ግን እነዚያው ፈረሶች ለፈረሰኛ ጦር ተፈለጉ፣ በ1781ም የእንግሊዙ አዛዥ ባናስተር ታርልተን በቨርጂኒያ ሲዘምት የባላባቶቹን ምርጥ ፈረሶች ከየጋጣው እያወጣ ወታደሮቹን አስቀመጠባቸው። ስለዚህ በ1775 ጸደይ ባዝራውን ወዴት ልላክ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ፊርኖት ሃያ ዓመት ሞልቶታልና ወደ እሱ የሚሄድ ሰው ዋስትና ካልተሰጠው ይተወው፤ በግማሽ ክፍያ ከሚቆሙት ልጆቹ አንዱን፣ በተለይም በእናቱ በኩል የጆሊ ሮጀር ደም ያለውን ይምረጥ። ባዝራው አጭርና ጡንቻማ ከሆነች ደግሞ ከሮአኖክ ወንዝ ዳር ጄነስ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ገና እየሠራ ነው፤ እሱም ቢሆን በዋስትና ውል ብቻ፣ ባዝራይቱም በባለመስኩ ግጦሽ ላይ ሳትቀር በገዛ ጠባቂዋ እጅ ቀርባ በዚያው እንድትመለስ ተደርጎ።